ካርዱን ከመለወጥዎ በፊት፦ ከፍኖተ ሰላም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከፍኖተ ሰላም የጻፉልኝ ጠያቂ ጉዳይ በአጭሩ እንዲህ ነው። በቤታቸው የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ የሚያቀናብሩበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አላቸው። ባለፈው ጥር ወር 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ሁለተኛ እጅ የግራፊክስ ካርድ (ለስክሪኑ ምስል የሚያዘጋጅ ክፍል) ገዝተው አስገቡበት። የኮምፒውተሩ ፓወር ሳፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) 300 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲሆን፣ ለካርዱ የሚሆን ባለ 8 ፒን መሰኪያ ስላልነበረው ከሃርድ ዲስክ መሰኪያ በማገናኛ ሽቦ ተጠልፎለታል። ሞኒተሩም አሮጌ ስለሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ በሚለውጥ ኮንቨርተር ነው የተገናኘው። መጋቢት ከገባ ወዲህ ቪዲዮ ማቀናበር ጀምረው 20 ደቂቃ ያህል ሲቆዩ ቀለማቸው የተዘበራረቀ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች በስክሪኑ ላይ ይበተናሉ። ማታ ማታ ደግሞ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ድንገት ይጠቁራል፤ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ይነሣል። አልፎ አልፎ ምስሉ ሁሉ ቢጫ ይሆንና ጠረጴዛው ሲነካ ይመለሳል። በአካባቢያቸው ያለ ባለሙያ «ካርዱ ሞቷል፤ ሌላ ግዙ» ስላላቸው፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ሳይደርስ እንደገና ገንዘብ ያውጡ ወይስ ይታገሡ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ጤና ይስጥልኝ። ገንዘብዎን ገና አያውጡ። የጻፉልኝን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ስክሪን ላይ የተደራረቡ ሦስት ልዩ ልዩ ብልሽቶች ናቸው የታዩኝ። አራት ማዕዘኖቹ አንድ ምክንያት አላቸው፣ መጥቆሩ ሌላ፣ ቢጫው ደግሞ ከሁለቱም ጋር የማይገናኝ ሌላ። ሦስቱ በአንድ ላይ ስለታዩ ብቻ «ካርዱ ነው» ብሎ መፍረድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ አዲስ ካርድ ገዝተው ቢያስገቡም ከሦስቱ ሁለቱ ሊቀጥሉብዎት፣ ይባስ ብሎም አዲሱን ካርድ ሊጎዱት ይችላሉ።

አንድ ምስል ከቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ተነሥቶ ዓይንዎ ዘንድ እስኪደርስ በድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን በሚያዝበት ፕሮግራም) በኩል ወደ ካርዱ ቺፕ ይሄዳል፣ በካርዱ ሚሞሪ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ በመውጫው፣ በኮንቨርተሩና በኬብሉ አልፎ ሞኒተሩ ላይ ይታያል። በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ውሃው ደፍርሶ ሲደርሰው ማሳው ላይ ቆሞ አይፈርድም፤ ቦዩን ይዞ የደፈረሰበት ቦታ እስኪያገኝ ወደ ላይ ይወጣል። እርስዎም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለዚህም አንዲት ብር የማያስወጣ ፈተና አለ። አራት ማዕዘኖቹ በታዩበት ቅጽበት ስክሪንሹት ያንሡ፣ በዚያው ጊዜም ስክሪኑን በስልክዎ ካሜራ ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ስክሪንሹቱን ወደ ስልክዎ ልከው ሁለቱን ያስተያዩ። ስክሪንሹት የሚገለብጠው በካርዱ ሚሞሪ ውስጥ ያለውን ምስል ስለሆነ፣ ከመውጫው ወዲህ ያለውን ኬብልና ሞኒተር አያውቃቸውም። አራት ማዕዘኖቹ በስክሪንሹቱ ውስጥም ካሉ ብልሽቱ ከመውጫው በላይ፣ ማለትም በቺፑ፣ በሚሞሪው ወይም በድራይቨሩ ነው። በካሜራው ፎቶ ላይ ታይተው በስክሪንሹቱ ውስጥ ከሌሉ ግን ካርዱን ከመንቀፍ በፊት ኬብሉን፣ ኮንቨርተሩንና ሞኒተሩን መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ሳይጀምር በፊት የሚታየውን የባዮስ ገጽ መመልከት ነው። በዚያ ሰዓት ዊንዶውስ ውስጥ የተጫነው ድራይቨር ገና ሥራ አልጀመረም። ብልሽቱ በባዮሱ ገጽ ላይም ከታየ ድራይቨርን በማጥፋትና በመጫን ጊዜዎን አያባክኑ። የእርስዎ ግን ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ከ20 ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩን በታመመበት ሰዓት እንደገና አስነሥተው ገና ትኩስ እያለ ባዮሱን ማየት አለብዎት፤ በብርድ ጠዋት የሚደረግ ፈተና ምንም አይነግርዎትም።

ቢጫውን ቶሎ ልጨርሰው። በቪጂኤ ኬብል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በየራሳቸው ሽቦ ነው የሚጓዙት። ሰማያዊው ሲቋረጥ ቀይና አረንጓዴ ብቻ ይቀራሉ፣ የሁለቱ ድምር ደግሞ ቢጫ ነው። ጠረጴዛው ሲነካ መመለሱ ሽቦው ወይም ፒኑ መላላቱን በግልጽ ያሳያል። የኬብሉን ጫፍ አውጥተው የታጠፈ ፒን ካለ በጥንቃቄ ያቅኑት፣ ሁለቱን ብሎኖች በደንብ ያጥብቁ፤ ካልዳነ ኬብሉን ይለውጡ። ኮንቨርተሩም ከልክ በላይ የሚግል ከሆነ በሌላ ይሞክሩት፤ ከቻሉ ደግሞ የራሱ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ያለው ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ከጎረቤት ተውሰው ለአንድ ቀን ቢሠሩበት ብዙ ጥርጣሬ በአንዴ ይወገዳል።

አራት ማዕዘኖቹ ግን ሰፊ ጉዳይ ናቸው። በስክሪኑ ላይ የሚበተኑ ባለ ቀለም ነጥቦችና አራት ማዕዘኖች አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ ሚሞሪ ያስቀመጠውን ቁጥር በትክክል መልሶ ማንበብ እንዳቃተው ያመለክታሉ። ሚሞሪ እንዲህ የሚሳሳተው ራሱ ሲደክም፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ከአቅሙ በላይ በሆነ ፍጥነት እንዲሠራ ሲደረግ ወይም የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ሲዋዥቅ ነው። የእርስዎ በመጋቢት የጀመረና ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚመጣ በመሆኑ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው። መጋቢትና ሚያዝያ በጎጃም ሙቀቱ የሚበረታበት ወቅት ነው። በተጨማሪም ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በስድስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሳሳል። ማራገቢያ ሙቀት የሚወስደው በሚገፋው አየር መጠን ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። በቆላ ባሕር ዳርቻ ያለችግር የሚሠራ ካርድ በእኛ አገር ጥቂት ዲግሪ ጨምሮ ሊሠራ የሚችለው ስለዚህ ነው።

አቧራውም አለ። በጥርና በየካቲት እህል ሲወቃ የሚነሣው እብቅ፣ የጠጠር መንገዱ አቧራ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ፣ እርስዎ ባሉበት አካባቢ ደግሞ በርበሬ ሲደለዝና ሲፈጭ የሚበተነው ብናኝ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባሉ። ደረቅ አቧራ ብቻውን ቢሆን በብሎወር ይወጣ ነበር። ጭስና ቅባት ያለው ብናኝ ግን በሂት ሲንኩ (በሙቀት ማስወገጃው ብረት) ክንፎች ላይ እንደ ስስ ሙጫ ይለጠፍና ከኋላው የሚመጣውን አቧራ እየያዘ ይደድራል። ከቡሬና ከደምበጫ የመጡ ካርዶች ስፈታ በማራገቢያውና በሂት ሲንኩ መካከል እንደ ባዘቶ የተጋገረ ንብርብር አግኝቻለሁ፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ንጹሕ ይመስላሉ።

ሙቀት መሆኑን ለማረጋገጥ የኬዙን የጎን ክዳን ከፍተው የክፍል ማራገቢያ ወደ ካርዱ አዙረው የተለመደውን ሥራ ይሥሩ። 20 ደቂቃ የነበረው አንድ ሰዓት ከሆነ ወይም ብልሽቱ ጨርሶ ከጠፋ መልሱን አገኙት። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን ሙቀት በዲግሪ ያሳይዎታል፤ በሥራ ላይ በ70ዎቹ ውስጥ ቢሆን አያስጨንቅም፤ 85ን አልፎ እዚያው ከቆየ ማጽዳት ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ልብ ይበሉ፦ በእርስዎ ዓይነት ካርድ ላይ ፕሮግራሙ የሚያሳየው የቺፑን ሙቀት ነው፤ የሚሞሪውን አያሳይም። ሚሞሪው ሙቀቱን ወደ ሂት ሲንኩ የሚያሳልፈው በስስ የጎማ መሰል ንጣፍ ሲሆን፣ ያ ንጣፍ ሲደርቅ ቺፑ 75 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ ሚሞሪው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ነው ብለው አይዘናጉ፤ የክፍል ማራገቢያው ፈተና ከቁጥሩ የበለጠ ይታመናል።

ሲያጸዱ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ ማንኛውንም ክፍል ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ብረት ይንኩ። ብሎወር ሲጠቀሙ የካርዱን ማራገቢያ በጣትዎ ይዘው ያቁሙት፤ በነፋስ ኃይል ከልኩ በላይ ሲሽከረከር መሽከርከሪያው ይጎዳል። ካርዱ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ውስጥ የሚገባበትን የወርቅማ ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ጠርገው ፍርፋሪውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያንሡ። ቴርማል ፔስቱን (በቺፑና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አሳላፊ ቅባት) እና ንጣፉን መለወጥ ግን ልምድ ላለው ሰው ይተዉት፤ የንጣፉ ውፍረት በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ከቀድሞው ከበለጠ ሂት ሲንኩ ቺፑን በቅጡ ሳይነካ ይቀርና ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። ጥያቄዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ከሃርድ ዲስክ መሰኪያ የተጠለፈው ሽቦ ነው። ካርድዎ በአምራቹ መግለጫ እስከ 185 ዋት የሚበላ ዓይነት ነው። ማዘርቦርዱ በመሰኪያው በኩል ሊሰጠው የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ፣ ቢያንስ 110 ዋት በዚያ ሽቦ መምጣት አለበት። ባለ 8 ፒኑ መሰኪያ 150 ዋት እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው፤ እርስዎ የጠለፉበት የሃርድ ዲስክ ሳታ መሰኪያ ግን በ12 ቮልት 4.5 አምፔር ብቻ የሚችል ነው፤ ይህም 54 ዋት ነው። ሽቦው ከሚችለው እጥፍ በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው። ይህ የስክሪን ብልሽት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መሰኪያው ቀልጦ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዛሬውኑ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የዚያን መሰኪያ ፕላስቲክ ይመልከቱ፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ሌላ ፓወር ሳፕላይ እስኪያገኙ ድረስ በካርዱ አይሥሩ። ፕሮሰሰርዎ የራሱ ግራፊክስ ካለው ካርዱን አውጥተው ሞኒተሩን ከማዘርቦርዱ መውጫ ጋር በማገናኘት ቀላል ሥራዎችን መሥራት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ሰላም ከሆነ ይህም ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

ሒሳቡን ከቀጠልን፣ ለካርዱ 185፣ ለፕሮሰሰሩ 65፣ ለቀሩት ክፍሎች ደግሞ 30 ወይም 40 ዋት ሲደመር ከ300ው ጋር ሊተካከል ትንሽ ነው የሚቀረው። ዕድሜ የጠገበ ፓወር ሳፕላይ በመለያው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ይሰጣል ብሎ ማመን አይቻልም። ማታ ላይ የሚብሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ምሽት ላይ የየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሰካል፤ አንዱ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ የመስመሩም ቮልት ይወርዳል። እስታቢላይዘር ካለዎት በዚያ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምተውት ይሆናል። እያንዳንዱ ቀጭታ ውስጡ ያለው መቀያየሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የሚፈጠር አጭር መቋረጥ ነው። ጤነኛ ፓወር ሳፕላይ በሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ቢያንስ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ያለ መብራት እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማቹት ክፍሎች) የደረቁበት አሮጌ ፓወር ሳፕላይ ግን ያንን መቋረጥ አይችለውም፤ ጭነቱ በሞላበት ሰዓት ካርዱ ይደናገራል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ባስ ሲልም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣል።

ይህን በሁለት መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ኢቨንት ቪወር የሚባለው፣ ዊንዶውስ ያጋጠመውን ሁሉ በቁጥር የሚመዘግብበት ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ በጠቆረበት ሰዓት የተመዘገበውን ይፈልጉ፤ ቁጥሩ 4101 ከሆነ ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ እንደገና ተነሥቷል ማለት ነው፤ ዊንዶውስ ካርዱን ሁለት ሰከንድ ጠብቆ መልስ ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል። ቁጥሩ 41 ከሆነና ከርነል ፓወር የሚል ስም ካለበት ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ነው የጠፋው፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ያደላል። ሁለተኛው መንገድ ቴስተር ነው። ትርፍ ባለ አራት ሽቦ መሰኪያ ላይ ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ በጥቁሩ ሽቦ፣ ቀዩን ጫፍ በቢጫው ሽቦ ላይ አድርገው፣ ቪዲዮ በሚቀናበርበት ሰዓት ያንብቡ። ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ባለው ውስጥ መቆየት አለበት፤ ጭነት ሲመጣ ከ11.4 በታች ከወረደ ፓወር ሳፕላዩ አልቋል። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ እንዳያነካኩ ይጠንቀቁ። የፓወር ሳፕላዩን ሳጥን ግን በፍጹም አይክፈቱት፤ ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ሰው የሚጎዳ ቮልት ይዞ ይቆያል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ከቢቸና ኮምፒውተር ይዘው ባሕር ዳር መጡ። ተመሳሳይ ብልሽት ገጥሟቸው ካርዱን ሁለት ጊዜ አስለውጠዋል፤ ሦስተኛውም ከእኔ ዘንድ ያለችግር ሠራና ቤታቸው ሲደርስ ታመመ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ከነማከፋፈያው እንዲያመጡት ጠየቅኋቸው። የማከፋፈያው አንድ መሰኪያ ውስጡ ላልቶ ሲሠራ ይጫር ነበር። ያ ሰው ለሁለት ካርዶች ያወጡት ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ችግሩ የአንድ ማከፋፈያ ዋጋ ነበርና። የእርስዎም ኮምፒውተር በምን ላይ እንደተሰካ ይመልከቱ፤ ከምጣዱ ወይም ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከሆነ ይለዩት። ኬዙን ሲነኩ የሚነዝርዎት ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ የምድር ሽቦ የለውም ማለት ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ፤ እስከዚያው የኤችዲኤምአይ ገመድን መብራት እንዳለ አይሰኩ፣ አይንቀሉም።

ድራይቨሩን በመጨረሻ ያደረግሁት የእርስዎ ምልክቶች ወደ እርሱ ስለማያመለክቱ ነው። ሆኖም ካርዱ ሲለወጥ የቀድሞው ድራይቨር ቅሪት አልፎ አልፎ ያስቸግራል። ዲዲዩ የሚባለውን ማጽጃ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሣበት ሁኔታ) ውስጥ ሆነው፣ ኢንተርኔቱን አቋርጠው ይጠቀሙ፤ አለዚያ ዊንዶውስ እርስዎ ሳያውቁ የራሱን ምርጫ ይጭንብዎታል። አዲሱ ድራይቨር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ አስቀድመው ጥሩ መስመር ካለበት ቦታ በፍላሽ ቢያመጡት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ በቂ ፓወር ሳፕላይ ተገጥሞ፣ ካርዱ ጸድቶ አራት ማዕዘኖቹ ከቀጠሉ የሚሞሪው ድካም እርግጥ እየሆነ ይሄዳል። ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የማመንጨት ሥራ (ማይኒንግ) መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በብዛት ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ወጥተዋል፤ የእርስዎም ከእነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ወዲያው ይጣል አልልም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የሚሞሪውን ፍጥነት በ100 ሜጋኸርዝ እየቀነሱ ይሞክሩ። በአንድ ደረጃ ላይ ብልሽቱ ከቆመ ካርዱ በዚያ ፍጥነት ለቪዲዮ ሥራ ጊዜ ሊሰጥዎት ይችላል፤ የሚያጡት ፍጥነት ለሰርግ ቪዲዮ ብዙም የሚሰማ አይደለም። በዚያው ፕሮግራም የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ሁለቱን በየተራ ይሞክሩ እንጂ በአንድ ጊዜ አይለውጡ፤ ሚሞሪውን በማዘግየት የሚቆም ብልሽት ወደ ሚሞሪው፣ ኃይሉን በመገደብ የሚቆም ደግሞ ወደ ሙቀቱ ወይም ወደ ፓወር ሳፕላዩ ያመለክታል።

ካርዱን በምድጃ ወይም በሙቅ አየር «እናድንልዎት» የሚሉ ካሉ እባክዎ አይስጧቸው። የሚሰነጠቀው ግንኙነት ብዙ ጊዜ በቺፑ ሥር ባሉ እጅግ ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ላይ ነው፤ ማሞቅ ለጊዜው ያገናኘውና ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ መልሶ ይለያያል፤ በመካከሉ ጤነኛ የነበሩ ካፓሲተሮችና ፕላስቲኮች ይጎዳሉ።

እንግዲህ የሚገዙት ነገር ካለ በመጀመሪያ የራሱ ባለ 8 ፒን ሽቦ ያለው፣ 500 ዋት የሆነ ፓወር ሳፕላይ ይሁን። ከመግዛትዎ በፊት መጠኑ ከኬዝዎ ጋር እንደሚገጥምና ማዘርቦርድዎ የሚቀበለው ባለ 24 ፒኑን መሰኪያ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከመሥሪያ ቤት የወጡ አንዳንድ ኮምፒውተሮች የራሳቸው ልዩ መሰኪያ አላቸው። ገጥሞልዎት ሦስት ምሽት ከሠሩበት በኋላ ስክሪንሹቱን፣ የካሜራውን ፎቶና የኢቨንት ቪወሩን ቁጥር ይላኩልኝ፤ አሮጌውን ካርድ እስከዚያ ለማንም እንዳይሰጡት።